ለአንድ ማኪያቶ ስንት ኪሎ ብረት?

ቀጭን የሳይክል ቁልፍ በፒንሳ ስለሚቆረጥ ከጌጥ አያልፍም፤ ወይ ከባዱን ያዙ ወይ አትቁሙ ይሉናል ስለ ሳይክል ቁልፍ ምክር የጻፉ አንድ ጸሐፊ። መቆረጡስ ይቆረጣል። ግን ማን ነው የሚቆርጠው? ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦን የወጣ ብስክሌተኛ ሱሉልታ ላይ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲቆም ሳይክሉ ከዓይኑ አይርቅም። እዚያ የሚያሰጋው ፒንሳ የያዘ ሌባ ሳይሆን ባዶ እጁን መጥቶ ተፈናጥጦ የሚፈተለከው ነው። ለሱ 100 ግራም የማይሞላ ባለ ቁጥር ሽቦ ይበቃዋል፤ ሲታገል እርስዎ ይደርሳሉ። ባለ ዩ ቅርጹ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከኪሎ በላይ ነው፤ ያን ዳገት ተሸክመውት ይውጡና እንነጋገር። (ምክራቸውን የሰማ ሰው፣ እንደኔ ግምት፣ ብረቱን ገዝቶ እቤት ነው የሚያስቀምጠው።)

መርካቶ ሊገበያዩ ወይም ሌሊቱን ደጅ ሊያሳድሩት ከሆነ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ይልቅ ሊጽፉበት የሚገባው አስተሳሰሩን ነበር። ሽቦውን በፊት ጎማው ብቻ ካሳለፉት፣ በብዙ ሳይክሎች ላይ ጎማው በአንዲት ማንሻ ስለሚፈታ ሌባው የቀረውን ይዞ ይሄዳል። በሳይክሉ ዋና አካልና በኋላ ጎማው ውስጥ አሳልፈው ከቋሚ ብረት ጋር ይሰሩት። ማርሹንም ከባዱ ላይ ይተዉት፤ ሽቦውን ያለፈ ሰው ቢኖር እንኳ ገና ፔዳሉን ሲረግጥ ይንገዳገዳል።