የካናዳ ካሪቡ፦ የሚያጠፋው ሙቀቱ ነው ወይስ መጋዙ?

ካናዳ በሰሜናዊ ደኖቿ የሚኖረውን ካሪቡ ሕልውናቸው ስጋት ላይ በወደቀ የዱር እንስሳት ሕጋዊ መዝገብ ላይ ያሰፈረችው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቅዶች ወጥተዋል፤ ተኩላዎች ከሄሊኮፕተር ተተኩሶባቸዋል፤ እርጉዝ ካሪቡዎች በአጥር ውስጥ ተጠብቀው እንዲወልዱ ተደርጓል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ መንጋዎች መመናመናቸውን አላቆሙም። አሁን ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ነባሩን ክርክር አወሳስቦታል፦ እንስሳውን እያጠፋው ያለው ሙቀቱ ነው ወይስ መጋዙ?

መልሱ የሳይንስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው ከተባለ፣ የግዛት መንግሥታትና ኩባንያዎች ነገሩ ከአቅማችን በላይ ነው ለማለት በር ይከፈትላቸዋል። የመጋዙ ነው ከተባለ ደግሞ ሊዘጉ የሚገባቸው መንገዶችና ሊቀነስ የሚገባው የእንጨት ምርት አለ።

የአሮጌ ደን ነዋሪ

ካሪቡ በአውሮፓና በእስያ ሬንዲር ከሚባለው እንስሳ ጋር አንድ ዝርያ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታወቀው አጋዘን በተለየ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል፤ አብዛኞቹ እንስቶችም ቀንድ ያወጣሉ። በበረዶው ወራት በዋነኛነት የሚመገበው ሊከንን ነው፤ ይህም በአማርኛ የዛፍ ሽበት ከሚባለው ወገን ነው። ካሪቡ በሰፊ ሰኮናው በረዶውን እየዛቀ ከሥሩ ያወጣዋል። ሊከን የሚያድገው በዝግታ ነው። የተቃጠለ ደን ለመንጋ የሚበቃ ሊከን እንደገና እስኪያፈራ በርካታ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ።

ካሪቡ ከአዳኞቹ የሚያመልጠው በመራቅ ነው። ሌሎች እንስሳት እምብዛም በማይፈልጉት አሮጌ ደንና ረግረጋማ ቦታ ተበታትኖ ይኖራል። እንስቷ በዓመት ከአንድ ግልገል በላይ ስለማትወልድ፣ ብዙ ሞት የደረሰበት መንጋ በቀላሉ አያገግምም።

ሙቀቱ ምን ያደርጋል?

የካናዳ መንግሥት በ2019 ያወጣው ሪፖርት አገሪቱ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ፍጥነት እየሞቀች መሆኗን አመልክቷል። ይህ ሙቀት በደኑ ካሪቡ ላይ በተለይ በሁለት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሰደድ እሳት ነው። በ2023 ብቻ በካናዳ ከ15 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ተቃጥሏል። ይህም ከኤርትራ አጠቃላይ የቆዳ ስፋት ይበልጣል።

ሁለተኛው አዲስ ጎረቤት ነው። ቀድሞ ከባዱ ብርድና ጥልቁ በረዶ ወደ ሰሜን እንዳይዘልቅ ያግደው የነበረው ባለ ነጭ ጭራው ዲር፣ ብርዱ በለዘበ ቁጥር ወደ ካሪቡ መኖሪያ እየገባ ነው። ተኩላው ዲሩን እየበላ ይራባል፤ በመካከሉም ካሪቡን ያገኘዋል። በአልበርታና በሳስካችዋን ግዛቶች ድንበር አካባቢ በካሜራ የተካሄደና በ2024 የታተመ ጥናት፣ ለዲሩ መብዛት ከሰው ሠራሽ የደን ለውጥ ይልቅ የአየር ንብረቱ የላቀ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል።

አንድ ሚዛን

ይህ ግኝት ግን ኢንዱስትሪውን ከተጠያቂነት ነጻ አያደርገውም። ደን በተቆረጠበት ቦታ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ለዲርም፣ ሙስ ለሚባለው ግዙፍ እንስሳም መኖ ይሆናል፤ እነዚህ ሲበዙ ተኩላም ይበዛል። ለነዳጅ ፍለጋ ተብለው በደኑ ውስጥ የተቀደዱት ቀጫጭን መስመሮችም ተኩላው ፈጥኖ የሚጓዝባቸው ጎዳናዎች ሆነዋል።

የፌዴራሉ መንግሥት በ2012፣ የደኑ ካሪቡ ቁጥር 34,000 ገደማ ተብሎ በተገመተበት ወቅት፣ ያወጣው የማገገሚያ ስትራቴጂ እሳትንና መጋዝን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። በስትራቴጂው መሠረት አንድ መንጋ ራሱን ችሎ የመቀጠል 60 በመቶ ዕድል እንዲኖረው፣ ከመኖሪያው ቢያንስ 65 በመቶው ያልተነካ መሆን አለበት። ባለፉት 40 ዓመታት ውስጥ የተቃጠለ ቦታም፣ ከመንገድና ከተቆረጠ ደን ዳርቻ እስከ 500 ሜትር ያለው መሬትም እንደተነካ ይቆጠራል።

ስሌቱ እንደ ጎተራ ነው። እሳት ብዙ በወሰደ ቁጥር ለመጋዝና ለቁፋሮ የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥ ለኩባንያዎች ማመካኛ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ድርሻቸው እንዲቀነስ የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

ይህን ወደ ተግባር መቀየር ግን ቀላል አልሆነም። በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት በኩቤክ ሦስት መንጋዎችን ለመታደግ አስቸኳይ ድንጋጌ ለማውጣት ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የግዛቲቱ መንግሥት በሥልጣኔ ጣልቃ መግባት ነው ሲል ተቃውሟል። የእንጨት ኢንዱስትሪውም የሥራ ዕድል ይጠፋል ብሏል። መተዳደሪያቸው መጋዝ ቤት ለሆነ ትንንሽ ከተሞች ስጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም።

የሁለት መንጋዎች ዕጣ

እርምጃ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ከደኑ ካሪቡ ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው የተራራ መንጋዎች ያሳያሉ። በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ይመላለስ የነበረው የደቡብ ሰልከርክ መንጋ በ2018 ሦስት እንስቶች ብቻ ቀሩት። በ2019 መጀመሪያ የመጨረሻዋ ተይዛ ወደ ሌላ ስፍራ ስትወሰድ፣ አሜሪካ ከአላስካ በስተቀር የዱር ካሪቡ የሌላት አገር ሆነች።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው የክሊንሴ-ዛ መንጋ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ2013 የቀሩት 38 እንስሳት ብቻ ነበሩ። የዌስት ሞበርሊና የሶልቶ ነባር ሕዝቦች እርጉዞቹን በአጥር እየጠበቁና ተኩላ እየቀነሱ በ2021 ቁጥሩን ወደ 101 አደረሱት። በ2020 ደግሞ መኖሪያውን ለመጠበቅ ከፌዴራሉና ከግዛቱ መንግሥታት ጋር ስምምነት ፈርመዋል። ለእነዚህ ሕዝቦች ጉዳዩ የመብትም ጭምር ነው፤ በ1899 የተፈረመው ውል እንደ ቀድሞው የማደን መብታቸውን ያረጋገጠ ቢሆንም፣ መንጋው ባለመኖሩ ማደን አልቻሉም።

ሆኖም አጥርና ጥይት ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ደን አይመልሱም። ደኑ እስኪያገግም ድረስ ለአሥርት ዓመታት መቀጠል ይኖርባቸዋል።

የዓለምን ሙቀት ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ሆነች ኩቤክ ብቻዋን አታቆምም። የነዳጅ ፍለጋ መስመሮችን በችግኝ መሸፈንና የእንጨት ቆረጣ ኮታን መወሰን ግን በግዛቶቹ ሥልጣን ሥር ያለ ጉዳይ ነው። የካሪቡን ዕጣ ከተኩላ አደኑ በላይ የሚወስነውም፣ ከየእሳቱ ወቅት በኋላ ይህ ኮታ እንደገና መሰላቱ ወይም ምንም እንዳልተቃጠለ ባለበት መቀጠሉ ይሆናል።