ጎማው አልፈነዳም

በአገራችን የአደጋ ዜና ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ተሽከርካሪው የኋላ ጎማው ፈንድቶ መንገድ በመሳቱ ተገለበጠ» ይላል። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ አለው። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጎማን ባለቤት አድርጎ ሰውን ከዐረፍተ ነገሩ ያስወጣዋልና።

«ፈነዳ» የዋህ ግስ ነው። እምቡጥ ይፈነዳል፤ ማንም አልገፋውም። ፈንዲሻም ይፈነዳል፤ እዚያ ግን ምጣዱን የጣደ እጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጎማ የፈንዲሻ ወገን እንጂ የእምቡጥ ወገን አይደለም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ክብደት ሲጫነው ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን በውስጡ ካለው ክርና ሽቦ ያላቅቀዋል። ይህ ሁሉ የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ሥራ ነው። ድምፁን የምንሰማው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ዜናውም የሚጀምረው ከድምፁ ነው።

ለመሆኑ ስለ ጎማ መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምን ያደርግለታል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ደግሞ እጠይቀዋለሁ። ስለ ክረምት ጉም፣ ስለ መስከረም አደይ፣ ስለ ሐሮ ወንጪ ውሃ ስንት ግጥም ጻፍን? ወደዚያ ያደረሰንን ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ያየ ስንቱ ነው? መንኮራኩር የሚለውን ጥንታዊና ግርማ ያለው ቃላችንን ለጠፈር ሰጥተን ምድሩን ለጣልያንኛ ተውነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ቡሎን፣ ፒስታ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። በመዋሳችን አላፍርም፤ ቋንቋ የሚኖረው ተዋውሶ ነው። የማፍረው የዕቃውን ስም ተውሰን ለዕቃው የሚገባውን ጥንቃቄ የባዕድ ጉዳይ አድርገን በመቅረታችን ነው።

ጥንቃቄማ ነበረን። ወንጪ የወረደ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ድረስ በፈረስ ይወረዳል። ባለፈረሱ እንግዳውን ከማስቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግር ያነሣል፤ በኮቴው ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ቢኖር ይፈነቅላል፤ መርገጫው ጭቃ ከሆነ ኮርቻውን ዳግመኛ ያጠብቃል። ማንም አላዘዘውም። ፈረሱ ቢወድቅ «ኮቴው ፈነዳ» ብሎ የሚያመልጥበት ዐረፍተ ነገር በመንደሩ ውስጥ የለም፤ «የእገሌ ፈረስ ጣለ» ነው የሚባለው፤ ስሙ ይነሣል። በዚያችው ደቂቃ ከአፋፉ በላይ የቆመውን ሚኒባስ ተመልከቱ። ጥርሱ አልቆ እንደ ሊሾ ወለል በለሰለሰ ጎማ አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ መጥቷል፤ ሹፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ፣ ለአራት እግር የምናደርገውን ለአራት ጎማ ነፈግን።

ቁልቁለቱም ቀላል አይደለም። አምቦ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከወንጪ ተራሮች ረጅሙ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ከሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አገር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ መኪና ገና ሞተሩ ሳይረጋጋ ዳገት ይጀምራል፤ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ሁሉ በፍሬን ይከፍላል። የፍሬኑ ትኩሳት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይሻገራል። አስተዋይ ሹፌር በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል። ወንጪ በ2012 ዓ.ም ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዷ ከሆነች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ከመረጣት ወዲህ ዳገቱን የማያውቁ ብዙ መኪኖች ይወጡታል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ መፈክር ያለ ይመስለኛል። ለፈረንጅ ጎብኚ የተጻፈው «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» መፈክር በ2008 ዓ.ም በ«ምድረ ቀደምት» ቢተካም ከልባችን አልወጣም። ፈረንጁን ለመጥራት የጻፍነውን እኛው አመንነው። «ጎማ በየወቅቱ መንከባከብ በረዶ ላለበት አገር ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስዊድን ያለ ዘመዳችን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ መንገዱ በረዶ ሲይዝ የክረምት ጎማ መግጠም በሕግ ይገደዳል፤ ቀኑን እንደ ጾም መግቢያ ያውቀዋል። ያው ሰው ለገና አዲስ አበባ መጥቶ መኪና ሲከራይ ግን ጎማውን አያይም። አገሩ ወቅት የሌለው መስሎታል!

አገራችን ግን አራት ወቅት እንዳላት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀን ቆርጠው ነግረውናል። ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። (መስከረምን ጸደይ የሚሉ ገጣሚዎቻችን በዚህ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ይቀየሙ።) እያንዳንዱ ወቅት ጎማን በየራሱ መንገድ ይበላዋል።

ክረምትን እናስቀድም። አዲስ የአውቶሞቢል ጎማ ጥርሱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። የአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛ ብሎ የያዘው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሚያስታውቁ ትንንሽ እርከኖች በቦዩ ውስጥ ተሠርተዋል፤ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ ነገሩ አብቅቷል። ቦዩ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ውሃ ማስወጫ ነው። ቦይ ከሌለ ውሃው ከጎማው ሥር መሄጃ ያጣና መኪናውን ያነሣዋል፤ መሪው በድንገት ይቀላል፤ ሹፌሩ የሚነዳው አስፋልት ላይ ሳይሆን ውሃ ላይ ነው። በዚህ ላይ የጊንጪን ጥቁር አፈር ጨምሩበት። ከእርሻ መንገድ ወደ አስፋልት የሚወጣ መኪና ቦዩን ሁሉ በዋልካ ደፍኖ ይመጣል፤ አዲስ ጎማ እንኳ ቢሆን ለጊዜው ጥርስ አልባ ነው። ጭቃው በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ደርቆ ሲቀር ደግሞ መንኮራኩሩ ሚዛኑን ያጣል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ሮጦ ገንዘብ ያወጣል፤ የሚያስፈልገው ግን አንድ ባልዲ ውሃና ብሩሽ ሊሆን ይችላል።

መፀው የክረምት ሂሳብ የሚተሳሰብበት ነው። ዝናብ ባጎደጎደው መንገድ ላይ በውሃ የተሸፈነ ጉድጓድ ቸርኬ ያጣምማል፤ የጎማውን ጎን ያሳብጣል። በዚያ ቦታ የውስጡ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ እብጠት አይጠገንም፤ ጎማው ይጣላል። አገሩ ሁሉ በአደይ ሲሸፈን ማን ጎማ ያያል? እኔም አበባው አይታይ አላልሁም።

በጋ ተንኮለኛ ነው፤ ጠላት አይመስልምና። ፀሐዩ ላስቲኩን ያደርቀዋል፤ በተለይ ቆሞ የሚውል መኪና ጎማ ጎኑ እንደ መስክ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። የፒስታው ሹል ጠጠር በጥርሱ መካከል ተሰክቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይቆፍራል፤ የፈረሱ ባለቤት በእንጨት የሚፈነቅለው ያው ጠጠር ነው። ውርጭ በጣለበት ንጋትና በቀትር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ሰፊ ነው፤ አየሩ በ10 ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር በ32 የተሞላ ጎማ 1.5 ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ቀትር ላይ፣ ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ ተነድቶ የጋለውን ጎማ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ራስን ማታለል ነው። በወንጪ ዳገት ላይ «ከፍታው ንፋሱን ስለሚያበዛው እንቀንሰው» የሚሉ አዋቂዎችም ገጥመውኛል። እውነት ነው፤ 1,000 ሜትር ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው በ1.3 ገደማ ከፍ ይላል። ነገር ግን ወደ ላይ ሲወጣ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ አንድ ያህሉን ይመልሰዋል። ተራራው የጨመረውን ተራራው ራሱ ይወስደዋል፤ አትንኩት።

ጸደይ ላይ ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ያሟልጨዋል። አጭር ነው፤ ግን ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ማታለያ ልምጣ። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። «2612» ማለት በ2012 በ26ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በማን አቆጣጠር? በፈረንጁ! በእኛ ሰኔ 2004 ዓ.ም መሆኑ ነው። ያንን «12» በእኛው 2012 ብሎ የሚያነብ ገዢ ስምንት ዓመት ያረጀ ጎማ እንደ ወጣት ይገዛል። ይህንን አውቆ ዝም የሚል ሻጭ አለ፤ ያለማወቅን ዋጋ የሚያስከፍለው እርሱ ነው። አያሌ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎቹም ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ከ10 ዓመት በላይ አትነዱበት ይላሉ። ላስቲክ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዘመንም ያረጃል። ከአውሮፓ በመጡ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ጎማ አንዳንዴ ይገኛል። የክረምት ጎማ ነው፤ ለበረዶ የለሰለሰ ስለሆነ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ያልቃል። «ኦሪጅናል የአውሮፓ» እየተባለ ግን ይሞካሻል።

«ጎማ ውድ ነው፤ ድህነት ነው እንጂ ቸልታ አይደለም» የሚለው መልስ ብቻ ነው የሚያስቆመኝ። ለባለአይሱዙው፣ ለሚኒባስ ሹፌሩ እውነትነት አለው፤ አላላግጥበትም። ነገር ግን ንፋስ ማስለካት፣ ጠጠር መፈንቀል፣ ጭቃ ማጠብ፣ አራት አኃዝ ማንበብ ስንት ብር ይፈጃል? በሚሊዮኖች የተገዛ መኪና የሚነዳው ጌታስ ስኮርታው ንፋስ እንዳለው መቼ አየ? በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ክብደት ጎማ ፈጥነው ይጨርሳሉ፤ የገዢዎቻቸው ወሬ ግን ስለ ቻርጅ ብቻ ነው። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ቀን ከጓደኛ ጎማ ተውሶ ገጥሞ በማግሥቱ የሚመልስስ ድህነት ነው ያስተማረው?

ድህነት የሚለው ቃል ሌላም ሰው ይሸሽግበታል። ብዙው ሹፌር መኪናው የእርሱ አይደለም፤ በቀን የሚያስረክበው ገቢ ተቆርጦለታል። «ጎማው አልቋል» ቢል «እስከ መስቀል ያድርስህ» ይባላል። አደጋው ሲደርስ የሚታሰረው ሹፌሩ፣ የሚሞተው ተሳፋሪው፣ በዜናው ባለቤት የሚሆነው ጎማው ነው፤ የመኪናው ባለቤት በየትኛውም ዐረፍተ ነገር ውስጥ የለም። የዜና ጸሐፊ ብሆን «ጥርሱ አልቆ ሁለት ክረምት የከረመ ጎማ ባለንብረቱ ባለመቀየሩ» ብዬ እጀምር ነበር። ይረዝማል፤ አዎን። ሙሉ እውነት ግን ማሰሪያ አንቀጹ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ቃላት ይፈልጋል።

ከአምቦ መናኸሪያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንጪ የምትሳፈሩ ወዳጆቼ፣ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት። ቦዩን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ጎኑን እዩ፤ አራቱን አኃዝ ፈልጉ። ሹፌሩ «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ መቆጣቱ አይቀርም፤ «ዓመተ ምሕረቱን እያነበብን ነው» በሉት።