የመንገድ አደጋና የገበሬ ማኅበራት ኃላፊነት፦ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ገጠር መንገድ

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የወረደ ሰው የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ድልድዩ አራዳን ከመርካቶ አካባቢ ጋር ስለሚያገናኝ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ተማሪውና ባለጉዳዩ ይተላለፍበታል። እህሉን ሸጦ፣ ዕቃ ሸምቶ ወይም ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ ገበሬም ከመንገደኞቹ አንዱ ነው። በገጠር ልማት ገጽ ላይ የከተማ ድልድይ ያነሳነውም ስለዚሁ መንገደኛ ብለን ነው።

ገበሬ በቀዬው የመኪናን መምጣት የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጆሮው ነው። ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ ከብቱንም ልጁንም ከመንገድ ያወጣል። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ግን የመኪና ድምፅ ስለማይቋረጥ የትኛው እንደቀረበ፣ የትኛው እንደራቀ ጆሮ አይለይም። እዚያ የሚያድነው ዓይን ነው። ሹፌሩ በበኩሉ «ጥሩምባ ከነፋሁለት ይሸሻል» ይላል፤ እግረኛው ደግሞ «አይቶኛልና ይቆማል» ብሎ ይገባል። አንዱ የሌላውን እርምጃ ሲጠብቅ አደጋው ይደርሳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአደጋ ዋነኛ መነሻ ፍጥነት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከረገጠ በኋላም መኪናው ወዲያውኑ አይቆምም። ጭነት ሲበዛ፣ መንገዱ ሲረጥብ ወይም ቁልቁለት ሲሆን ይብስበታል። የእርሻ በሬ በአንድ ቃል ይቆማል፤ መኪና ግን ሹፌሩ ቢፈልግም እንኳ ባለበት ሊቆምለት አይችልም። በዚህ ላይ መጠጥ፣ እንቅልፍ ወይም የእጅ ስልክ ሲጨመር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

አደጋው ከተማ ድረስ የሚመጣውን ገበሬ ብቻም አይጠብቅም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ በመግባቱ 71 ሰዎች ሞተዋል። ለእህልና ለከብት የተሠራ መኪና ለሰው መቀመጫም መያዣም የለውም፤ ሲገለበጥ በላዩ ያለውን ሁሉ ይበትናል። ይሁንና በብዙ ገጠር ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለገበያ ዛሬም በጭነት ላይ ይሳፈራሉ። ሌላ መጓጓዣ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቀድሞ አውቶቡስ ማፈላለግ ወይም በሁለት ዙር መጓዝ ከለቅሶ ይሻላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ሹፌር በዜብራ ላይ ለሚሻገር እግረኛ ቅድሚያ መስጠት አለበት፤ እግረኛም በዜብራ መሻገር ይጠበቅበታል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራን ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ መሄድ ይገባል። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ መኪና የሚነዳው ቀኝን ይዞ ስለሆነ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ይመልከት።

አደጋ ከደረሰ ሹፌሩ መቆም፣ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሹፌር ይቀጣል፤ ሰክሮ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ከሞተ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው። ሕጉ ገበሬውንም አይምርም፤ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ አስፋልት ላይ ያለ ጠባቂ የተለቀቀ ከብት ለባለቤቱ ዕዳ፣ ለተሳፋሪውም ሞት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ሌላ ነገር አለ። አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የመኪናው ባለቤት ለተዝካር የሚሆን ጥቂት ብር ያወጣል፤ ነገሩም በዚያ ይዘጋል። ዕርቅ ቂምን ያበርዳል፤ የወንጀሉን ጉዳይ ግን አያስቀርም፤ የሙት ልጆችንም አያሳድግም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪና፣ መድን ለሌለውም ጭምር፣ ተጎጂው የሚካስበት የመድን ፈንድ አለ። ጤና ተቋማትም በአዋጁ በተወሰነው መጠን አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የካሳ ክስ በመደበኛው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት ሽምግልናው ሲጓተት መብቱ ሊያልፍ ይችላል።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ሊይዙት ይገባል። ወደ ከተማ የሚሄድ አባል አሻጋገሩን አውቆ ይሂድ። ለሠርግና ለለቅሶ በጭነት መኪና መሳፈር እንዲቀር አባላቱ ይስማሙ። ዋና መንገድ ለሚያቋርጡ ከብቶች እረኛና የታወቀ መሻገሪያ ይመደብ። አደጋ ቢደርስ የሰሌዳውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የምስክሮቹን ስም የሚጽፍ አንድ ሰው በየጎጡ ይኑር፤ ለፖሊስም ሳይዘገይ ይነገር። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የግማሽ ቀን ውይይት ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሰላም ተሻግሮ ቤቱ የገባ ገበሬ ለቤተሰቡ ከማንኛውም ካሳ ይበልጣል።