ዜሮ መቼ ነው ግኝት የሚሆነው? በኤክስኤምኤል መጠይቆች ውስጥ ኔምስፔስን ስለ ማሳወቅ

በመስክ ጥናት የሚሰበሰብ የቦታ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኬኤምኤል በተባለው፣ በኤክስኤምኤል ላይ በተመሠረተ ቅርጸት ነው። መረጃውን በኤክስፓዝ ወይም በኤክስኳሪ የሚፈትሽ ተመራማሪ በመጠይቁ ያሳወቀውን ኔምስፔስ፣ ማለትም የስም ክልል፣ እንደ ተራ የቴክኒክ ዝርዝር ቆጥሮ ከመመረቂያ ጽሑፉ ሊያስቀረው ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ መግለጫ የጥናቱ ዘዴ አካል ነው።

ኔምስፔስ አንድ ስም የየትኛው መዝገበ ቃላት እንደሆነ ይለያል። «አምቦ» ሲባል ከተማው፣ ወረዳው ወይስ የማዕድን ውኃው እንደሆነ ሰው ከዐውዱ ይረዳል። መጠይቅ ግን የተነገረውን ብቻ ያውቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤክስፓዝ 1.0 ቅድመ ቅጥያ የሌለው ስም ምንም ኔምስፔስ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ሰነዱ የራሱን ኔምስፔስ ቢያውጅም ይህ አይለወጥም።

ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪና ከጌዶ የመጠጥ ውኃ ነጥቦችን የያዙ ፋይሎች በአንድ ጥናት ተሰበሰቡ እንበል። ኬኤምኤል 2.2 በ2008 እ.ኤ.አ. የኦፕን ጂኦስፓሻል ኮንሰርሺየም ደረጃ ሲሆን አዲስ ኔምስፔስ ተሰጥቶታል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቅጂዎች የጉግል ኧርዝን ይጠቀሙ ነበር። የጌዶ ፋይል በቀድሞው ቅጂ የተዘጋጀ ከሆነ፣ አዲሱን ብቻ ያሳወቀ መጠይቅ ያልፈዋል። የስሕተት መልእክት አይወጣም። ሁሉም ዜሮ ቢሆን ተመራማሪው ይጠራጠር ነበር፤ የሦስቱ ከተሞች ቁጥር ትክክል በመሆኑ ግን የጌዶ ዜሮ እንደ ግኝት ይመዘገባል። ሠንጠረዡን ያነበበ ዕቅድ አውጪም ከተማው የውኃ ነጥብ የለውም ብሎ ይወስናል።

ከኤክስፓዝ 2.0 ጀምሮ በኮከብ ምልክት ማንኛውንም ኔምስፔስ መቀበል ስለሚቻል፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መንገዱ መረጃን ለመቃኘት ይጠቅማል፤ ለውጤት ግን አይበቃም። በኬኤምኤል 2.2 የአዘጋጁ ስም የሚጻፈው ከአተም ኔምስፔስ በተወሰደ ኤለመንት ነው፤ የዚህ ኤለመንትና የቦታውን ስም የሚይዘው ኤለመንት መጠሪያ አንድ ነው። በኮከብ የቦታ ስሞችን የሚሰበስብ መጠይቅ አዘጋጁንም ከመንደሮቹ ጋር ሊደባልቀው ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ልማድ ቢሆኑ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከመጠይቁ በፊት በፋይሎቹ ውስጥ ያሉት ኔምስፔሶች ሁሉ ይዘርዘሩ። ሁለተኛ፣ መጠይቁ በአባሪ ሲቀርብ ከነሙሉ መግለጫው ይታተም፤ ቅድመ ቅጥያ ብቻውን ለሌላ ተመራማሪ ምንም አይነግርም። ሦስተኛ፣ ዜሮ ያስገኘ ፋይል ሁሉ ተከፍቶ በዓይን ይታይ። አማካሪዎችና ፈታኞችም የናሙና አመራረጥን በሚጠይቁበት ጥብቅነት ይህን ሊጠይቁ ይገባል።