ከዓመታት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ

ከካምባ ለጉዳይ ወደ አርባ ምንጭ የመጣች አንዲት ነርስ በቅርቡ ያነሳችልኝ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና ዛሬ ላካፍላችሁ። ሥራዋን ያቆመችው የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ በ2003 ዓ.ም. ነው። አሁን ልጆቿ ሁሉ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ መመለስ ትፈልጋለች። አማቷ «የምታውቀው ሥራ ነው፣ ነገውኑ ትጀምር» ይላሉ። ባሏ ግን «ይህን ያህል ዓመት ቆይተሽ ረስተሽዋል፣ ይቅርብሽ» ይላታል። የማናቸውን ትስማ?

በእኔ እምነት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም። የልብ ትርታ መቁጠር፣ ቁስል ማጠብ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አባብሎ መርፌ መውጋት ከቀናት ልምምድ በኋላ ይመለሳል። ክትባት ዛሬም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የሚያሰጋው የተረሳው ሳይሆን ከተለወጠ በኋላም በልብ የቀረው ነው። እሷ ቤት በነበረችባቸው ዓመታት ስንት ነገር እንደተጨመረ ተመልከቱ። የሳንባ ምች መከላከያው በ2004፣ የሮታ ቫይረሱ በ2006፣ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በ2008፣ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባትና ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ በ2011 ዓ.ም. ገቡ። የድሮውን ሰሌዳ በቃሏ ይዛ የምትመለስ ነርስ ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጅ ለኩፍኝ ከትባ «ጨርሷል» ብላ እናቱን ልታሰናብት ትችላለች። ልጁ ግን በ15 ወሩ መመለስ አለበት። ከሩቅ ቀበሌ ልጅ አዝላ ዳገት ወጥታ የመጣች እናት የተነገራትን አምና ትሄዳለች፤ ስህተቱን የሚያርም ሌላ ሰው ላታገኝ ትችላለች።

ስለዚህ ለዚያች ነርስ የመከርኳት ይህንን ነው። በመጀመሪያ የሙያ ፈቃዷን ታጣራ፤ ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ስለሚጠየቅ ምን እንደሚጎድላት ከጤና መምሪያው ትረዳ። ቀጥሎ አሁን የሚሠራበትን የክትባት ሰሌዳና የሕክምና መመሪያ አግኝታ እንደ አዲስ ታጥና። ስትቀጠርም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከነባር ባልደረባ ጎን እንድትሠራ ትጠይቅ። በዕድሜ የምታንሳትን ጤና ባለሙያ «አሳዪኝ» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳያውቁ የሚያውቁ መምሰል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤተሰቡ ድርሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁን የሚይዝላት ካጣች ግን የወራቱ ዕረፍት የዓመታት ይሆናል። እኛ አገር ደግሞ እንሰቱን መፋቁ፣ ቆጮውን ማዘጋጀቱ፣ ውኃ መቅዳቱ የሚጠብቀው ሴቷን ነው። ይህ ሁሉ ሳይነካ ሥራ ቢጨመርባት ጥናቱም ዕረፍቱም ይቀርና በጥቂት ወራት ደክማ ትተወዋለች።

ባሎች፣ «ረስተሻል» ከማለት ማታ ማታ ልጆቹን ያዙላትና አንድ ሰዓት ታጥና። አማቶችና አያቶች፣ እናንተም የቤቱን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተነጋግራችሁ ተከፋፈሉ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላል፣ እሷ ተረኛ ስትሆን ማን እራት ያቀርባል፣ ልጅ የታመመ ዕለት ማን ቤት ይቀራል? ይህ ሳይወሰን ከቀረ ሸክሙ ሁሉ ተመልሶ እሷ ላይ ይወድቃል። ለልጅ ልጆቻችሁ የምታደርጉት እንክብካቤ ለማታውቋቸው ሕፃናትም ይተርፋል፤ እናታቸው ተረጋግታ ከሠራች ክትባቱን በጊዜው የሚያገኙት እነሱ ናቸውና።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።