ቁጥሩ አይደገምም፣ መሬቱስ? የማይተካ ቶከንና የጋምቤላ የመሬት መዝገብ

የማይተካ ቶከን፣ በተለምዶ አጠራሩ ኤንኤፍቲ፣ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በዲጂታል ሥዕሎች ገበያ ነው። ቴክኖሎጂው ግን ከሥዕል ገበያ የሰፋ ጥያቄ ያስነሣል። አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ መዝግቦ ባለመብቱን በማይሰረዝ መዝገብ ማሳወቅ ከተቻለ፣ ለመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ለምን አይውልም? ይህን ጥያቄ በኢትዮጵያ ለመፈተን ከጋምቤላ ክልል የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በጋምቤላ ሰፋፊ የእርሻ መሬቶች ለባለሀብቶች በተሰጡባቸው ዓመታት፣ ከ5,000 ሔክታር በላይ የሆነው መሬት በውክልና በፌዴራል መንግሥት፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በክልሉ ይተላለፍ ነበር። ሁለት እጆች ከአንድ መሬት ሲቆርሱ አንዱ የሌላውን ሥራ በወቅቱ አላየም። ውጤቱ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በይፋ ሲያነጋግር የቆየው የይዞታ መደራረብ ሆነ፤ ለአንዱ የተሰጠው ካርታ በሌላው ካርታ ላይ አረፈ። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ የባንክ ብድርም አከራካሪ ሆነ።

በመጀመሪያ እይታ መፍትሔው ቀላል ይመስላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኢአርሲ-721 የተባለው የኢቴሪየም መስፈርት ለእያንዳንዱ ቶከን መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ በአንድ ስማርት ኮንትራት ውስጥ አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ባለቤት ሊኖረው አይችልም። ኮንትራቱን መጻፍም ከባድ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ በሶሊዲቲ ቋንቋ፣ ኦፕንዜፐሊን የተሰኘውን ክፍት የኮድ ስብስብ ተጠቅሞ፣ በጥቂት መስመሮች ሊጽፈውና ሴፖሊያ በተባለው የሙከራ መረብ ላይ እውነተኛ ገንዘብ ሳያወጣ ሊያሰማራው ይችላል። ዋናው ችግር የሚጀምረው ኮዱ በትክክል ከሠራ በኋላ ነው።

ኮንትራቱ የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ አፈርን አይደለም። 17ኛው ቶከንና 18ኛው ቶከን የተለያዩ ናቸው፤ የሚያመለክቷቸው ካርታዎች ግን በብዙ ሔክታር ሊደራረቡ ይችላሉ፤ ኮንትራቱም ሁለቱንም ያለ ተቃውሞ ይመዘግባል። ካርታው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከብሎክቼኑ ውጭ ሲሆን፣ ኮንትራቱ የሚይዘው የካርታውን መገኛ ብቻ ነው። የወሰኖችን መደራረብ በኮንትራቱ ውስጥ ማስላትም፣ እያንዳንዱ ስሌት ክፍያ ስለሚጠይቅ አዋጭ አይደለም። ዲሴንትራላንድ የተባለው ምናባዊ ዓለም ከዚህ ችግር ያመለጠው፣ ምድሩን 16 በ16 ሜትር በሆኑ እኩል ካሬዎች ከፋፍሎ የካሬውን መገኛ መለያ ቁጥር በማድረግ ነው። በኮምፒዩተር የተፈጠረ ምድር እንዲህ ይቆረሳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ የሚዋጥ የባሮ ዳርቻ ግን አይቆረስም።

ከወሰኑ በላይ የሚከብደው የመብቱ ዓይነት ነው። የአኙዋ ገበሬ ጎርፍ በሸሸበት ዳርቻ በቆሎ ይዘራል፤ የኑዌር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ ያወርዳል፤ የማዣንግ ንብ አርቢ በደኑ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል። «ባለቤቱ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ኮንትራቱ የሚመልሰው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ከወቅት ጋር የሚፈራረቅ መብት ግን በመሠረታዊው መስፈርት ቦታ የለውም። መዝገቡ ይበልጥ በታመነ ቁጥር፣ በመዝገቡ ያልገባው ሰው መብት ይበልጥ ይሳሳል።

ከሕጉም ጋር ግጭት አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ አርብቶ አደሮችም ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። የኢአርሲ-721 መነሻ ሐሳብ ደግሞ ቶከኑ ከእጅ ወደ እጅ በነፃነት እንዲተላለፍ ነው። የመጠቀም መብትን ሕግ በወሰነው መንገድ ማከራየትና ማውረስ የሚቻል ቢሆንም፣ ያልተሻሻለ ኮንትራት ይህን ወሰን አያውቅም። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 100,000 ሔክታር በውል ወስዶ፣ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን አቋርጧል። መሬቱ በቶከን ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ አስቀድሞ የመሰረዝ ሥልጣን በኮዱ ውስጥ ካልተጻፈ በቀር፣ ሰጪው አካል ቶከኑን መልሶ መውሰድ ባልቻለም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ቴክኖሎጂው ለመሬት መዝገብ አይረባም ማለት አይደለም። ጆርጂያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሬት ሰነዶቿን ዲጂታል አሻራ በብሎክቼን ላይ አኑራለች። ይህን ያደረገችው ግን መዝገቧን ለዓመታት ካጠራች በኋላ ነው፤ ብሎክቼኑ የጠራውን መዝገብ ጠበቀ እንጂ የተደፈረሰውን አላጠራም።

ለጋምቤላም ትርጉም ያለው ጥቅም ከባለቤትነት ማስረጃው ይልቅ በአሰጣጡ ሥርዓት ላይ ይገኛል። መደራረቡን የፈጠረው ሁለት አካላት ሳይናበቡ መስጠታቸው ነው። ስማርት ኮንትራት የፌዴራሉና የክልሉ ቁልፎች በአንድነት ካልፈረሙ ቶከን እንዳይወጣ ማስገደድ ይችላል። ከፊርማው በፊት በጂአይኤስ የወሰን ፍተሻ እንዲደረግና ካርታው በቀበሌ ለሕዝብ ተገልጾ የተቃውሞ ጊዜ እንዲያልፍ፣ ከፊርማው በኋላም ቶከኑ በነፃ እንዳይሸጥና በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሰረዝ ማድረግም ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ከኮድ በፊት የሕግና የአስተዳደር ውሳኔ ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ጉዳዩን ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ የሥራውን ቅደም ተከተል ቢገለብጥ ይመረጣል። ኮንትራቱን ማሰማራት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በኢታንግ ወይም በአቦቦ አንድ ቀበሌ ውስጥ ማን፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው መሬት እንደሚጠቀም መመዝገብ ግን ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይፈጃል። ይህ ሥራ ሳይቀድም የተሰማራ ኮንትራት የትናንቱን ስሕተት የማይፋቅ ያደርገዋል።