የዕለቱ ወንጌል አይመረጥም

በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጀውሃ፣ ገበሬው ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ውኃውም ተራ አለው። የውኃ አባት የተባለው ሰው ቦዩን የሚከፍተው ተራው ለደረሰው እንጂ ለጮኸው ሁሉ አይደለም። ከላይ ያለው ሰው እንደ ፈቀደ ውኃውን ወደ ማሳው ቢመልሰው የታችኛው ማሳ ይደርቃል፤ የእርሱም ቡቃያ ከልክ በላይ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ይህን ማንሣቴ ስለ መስኖ ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ወንጌል ነው እንጂ።

አባቶቻችን ለዓመቱ ዕለታት ንባብ የመደቡበት መጽሐፍ አለ፤ ስሙም ግጻዌ ይባላል። ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከዳዊት ምስባክ፣ በመጨረሻም ከወንጌል በየዕለቱ ምን እንዲነበብ በእርሱ ታዝዟል። በዐቢይ ጾም እንኳ ብናይ፣ በቅድስት ስለ ጾምና በምድር ስለሚከማች መዝገብ፣ በምኩራብ ከቤተ መቅደስ ስለ ተባረሩት ነጋድያን፣ በመጻጉዕ 38 ዓመት ስለ ታመመው ሰው፣ በገብር ኄር ስለ መክሊቱ ይነበባል። ይህ ሁሉ የውኃ ተራ ነው። የባለጸጋውንም የድኻውንም፣ የትጉሁንም የሰነፉንም ማሳ በየተራው ያጠጣል።

ዛሬ ግን ተራ የማይጠብቅ ልማድ ገብቷል። ከተሜው ማለዳ ሲነሣ ስልኩን ይከፍታል፤ በአበባና በፀሐይ መውጫ ሥዕል የተከበበች አንዲት ጥቅስ ትመጣለታለች። ጥቅሲቱም ዘወትር የምትናገረው ስለ ድልና ስለ በረከት፣ ስለ ጠላትም መውደቅ ነው። ከፊቷ ያለው ቃል ተቆርጧል፤ ከኋላዋ ያለውም ተቆርጧል። እርሱም «አሜን» ብሎ ለወዳጆቹ ይልካታል፤ የዕለቱ ጸሎት በዚሁ ተፈጸመ። እንዲህ ያለው ሰው ወንጌልን አነበብሁ ቢል አላምነውም። ለራሱ የሚስማማውን ቃል ብቻ የሚመርጥ፣ የሚሰማው የገዛ ምኞቱን ነውና።

«ለተጨነቀ ሰው አንዲት የማጽናኛ ቃል ብትደርሰው ምን ክፉ አለው?» የሚል ቢኖር፣ ክፉስ የለውም ብዬ እመልሳለሁ። ሐዘንተኛን በተግሣጽ የሚቀበል መምህር ጨካኝ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛ መድኃኒቱን በጣዕሙ እየመረጠ የሚጠጣ ከሆነ ማሩን ይጨርሳል፣ ኮሶውን ይተዋል፤ በሽታውም ከነሥሩ ይቀመጣል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ ነበር። በይፋት ግን ነፍስ አለበት። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ጎረቤታችን አጣዬ ስትቃጠል፣ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን፣ ሙስሊሙም ረመዳንን ይጾም ነበር። ኒቆዲሞስ የተባለው እሑድ በዚያው ሰሞን ሚያዝያ 10 ቀን ዋለ፤ ዳግመኛ ስለ መወለድ የሚናገረው ወንጌል ተራው ደርሶ ሳለ በአገራችን ሰው ይሞት ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተኩሱ ወደ ጀውሃ ወደ ራሷ መጣ፤ ሕይወትም ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱ ወገን ከመጽሐፉ ለቁጣው የሚስማማውን እየመረጠ ቢያነብ፣ እሳቱን በቅዱስ ቃል ማራገብ ይሆናል።

ቤቱ የተቃጠለበት አንድ ገበሬ እየመጣ፣ «የኔታ፣ ዳዊት በጠላቶቹ ላይ የተናገረውን ብቻ ያንብቡልኝ» ይለኝ ነበር። አነበብሁለት፤ ዳዊትም የተበደለ ሰው ነበረና እንባው እውነተኛ ነው። መጻጉዕ በደረሰ ጊዜ ግን፣ «ልጄ፣ ዛሬ የዕለቱ ተራ ነው» ብዬ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 5 አነበብሁለት። በሽተኛው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ ሲናገር በሰማ ጊዜ፣ «ይህስ እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። እኔም ዝም አልሁ። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከወንዙ ማዶ ያለው ሙስሊሙ ጎረቤቴም ቤቱ ነድዷል፤ ለእርሱስ ማን አለው?» አለ። ይህን ጥያቄ እኔ አላመጣሁትም፤ እርሱም አልፈለገውም፤ ተራው የደረሰ ንባብ አመጣው። ያ ሰው የበደሉትን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም፤ አላልሁም ብሎ በግልጥ ይናገራል። ነገር ግን ለበቀል በጠሩት ጊዜ አልሄደም።

አሁን ነገሬን ወደ ራሳችን ወደ ካህናት እመልሳለሁ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳንባል። ሕዝቡ ጥቅስ ለቃሚ የሆነው እኛ ስላስራብነው ነው። ወንጌሉን በግዕዝ ፈጥነን አንብበን እናሰናብተዋለን። ከእኛም መካከል «ለምእመን ጾሙና ስግደቱ ይበቃዋል፤ ትርጓሜ የሊቃውንት ነው» የሚሉ አሉ። እንግዲያስ ሊቃውንቱ አንድምታውን ስለ ምን በአማርኛ ተናገሩት? ግዕዝ አጥተው ነውን? ሰሚው እንዲረዳ፣ ረድቶም እንዲጠይቅ አይደለምን? እኛ ግን ያን መዝገብ በጉባኤ ቤት ዘግተን ይዘነዋል። ቅኔ ስንቀኝ ከሰሙ በታች ወርቁን እንፈልጋለን፤ ለገበሬው ግን ሰሙን እንኳ አልሰጠነውም።

«ያልተማረ ሰው በየዕለቱ ወንጌል ካሰላሰለ ይስታል» ይላሉ። ስሕተት የሚወለደው ግን ምዕራፉን ሙሉ ከሚሰማው ዘንድ ይልቅ ቁራጩን ብቻ ከያዘው ዘንድ ነው። ከካህኑ ያልሰማ ሰውም ከመንገደኛ መጠየቁ አይቀርም። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚሄደው ነጋዴ፣ በምኩራብ ስለ ነጋድያኑ የተነበበውን ቢረዳ ሚዛኑን ከመያዙ በፊት አንድ ጊዜ ያስብ ነበር። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚያ ገበያ አንድ ቀና ሚዛን ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

እንግዲህ ካህኑ ወንጌሉን ካነበበ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል በአማርኛ ይተርጉም። ቅዳሴ በየዕለቱ በማይቀደስበት አጥቢያም ንባቡን ለቤተ ሰቡ ያመልክት። ከተሜውም ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ግጻዌውን ይክፈት፤ የዕለቱን ወንጌል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ከዚያም «ይህ ቃል ፀሐይ ሳትጠልቅ ምን እንዳደርግ ያዝዘኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ቃሉ ደስ ያላሰኘው ቀን ቢኖር፣ በዚያ ቀን አብልጦ ያንብብ፤ የደረቀው ማሳው በዚያ በኩል ነውና። ተራው የደረሰውን ውኃ ከማሳው የሚመልስ ገበሬ በይፋት አልታየም።